ከጄኤፍኬ ሂትሮው፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት። ማንን ልመን?

ሻንጣዬ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት። ከኒውዮርክ ጄኤፍኬ ወደ ለንደን ሂትሮው ልበር ነው፤ ማርች 20 ሄጄ ኤፕሪል 6 እመለሳለሁ። የርቀት ማስያው ላይ ሁለቱን ኤርፖርቶች ሳስገባ 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል። እሱን በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር ያካፍልና 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ብሎ ይገላገላል።

ትኬቴ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መሄጃው 20:30 ተነስቶ በማግስቱ 07:30 ይደርሳል። መመለሻው 11:00 ተነስቶ 14:00 ላይ። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 5 ሰዓት ነው አይደል? እሱን ሳወራርደው መሄጃው 6 ሰዓት፣ መመለሻው 8 ሰዓት ሆነ። የሚገርመው ደግሞ እዚያው ትኬት ላይ ለመሄጃው «የበረራ ጊዜ 7 ሰዓት» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ቁጥር ለአንድ መንገድ! ይህን ሁሉ የምጠይቀው ለንደን ስደርስ ሌላ አውሮፕላን ስላለብኝ ነው። የትራንዚቱ ጊዜ 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ብቻ ነው። ይበቃኛል?

ቶሎ ልድረስ

ወንድሜ ቀላል ነው። ነፋስ ነው። ስትሄድ ይገፋሃል፣ ስትመለስ ፊትህ ይቆማል። ጥያቄው ተመልሷል፣ ክሩ ይዘጋ።

ሻንጣዬ

እህት ነኝ :) ነፋሱንስ ሰምቻለሁ። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ? በዚያ ላይ የ6 እና የ7 ነገር በነፋስ አይፈታም፤ ሁለቱም እኮ የመሄጃው ናቸው።

ክርና ሉል

ከርቀቱ እንጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ብቻ ነው የማይለዋወጠው። ማስያው የሚሰጥሽ ቁጥር በሉል ላይ ከነጥብ ነጥብ አጭሩን መንገድ ነው። ቤት ውስጥ ሉል ካለሽ አንዱን የክር ጫፍ ኒውዮርክ ላይ፣ ሌላውን ለንደን ላይ ይዘሽ ወጥሪው። ክሩ የካናዳዋን ደሴት ኒውፋውንድላንድን ይነካና ውቅያኖሱን አቋርጦ በደቡብ አየርላንድ አድርጎ ይገባል። ያንኑ መስመር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ብትስይው ወደ ሰሜን የጎበጠ ቀስት ይመስላል። ሰው አይቶት «ምን አዞራቸው?» ይላል። አልዞሩም። ያጣመመው ካርታው ነው።

በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ቀጥ ያለውን መስመር፣ ማለትም ኮምፓሱን አንድ አቅጣጫ ላይ አስሮ መሄድን ብትመርጪ፣ በኔ ስሌት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጨምርብሻል። የሩብ ሰዓት በረራ ማለት ነው።

ግን ልብ በይ፣ አውሮፕላኑ 5,550ውን በትክክል አይበርም። ሰሜን አትላንቲክ ላይ በየቀኑ ነፋሱ እየታየ አዲስ መንገዶች ይሰመራሉ። ሥራውን የሚሠሩት በካናዳ በኩል ጋንደር፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ ሻንዊክ የሚባሉት የውቅያኖስ መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ማታ ማታ ወደ ምሥራቅ የሚበሩት ነፋሱ ጀርባ ላይ ይወጣሉ። ቀን ቀን ወደ ምዕራብ የሚመለሱት ይሸሹታል። ስለዚህ በኪሎ ሜትር የረዘመው መንገድ በሰዓት ሊያጥር ይችላል። ማስያው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ክሩን ብቻ ነው የሚለካው።

ዝም ብዬ ልጠይቅ

እኔም ሁሌ የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ እንዳትስቁብኝ። መሬት ወደ ምሥራቅ ነው የምትሽከረከረው። ታዲያ ወደ ምዕራብ የሚበር ሰው ከተማዋ ራሷ ወደሱ እየመጣችለት ስለሆነ ቶሎ መድረስ አልነበረበትም? ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው!

የመስኮት ዳሩ

ማንም አይስቅብህም፣ ሁላችንም አንድ ቀን ያሰብነው ነው። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆመህ ወደ ላይ ብትዘል የኋላው መስታወት መጥቶ አይመታህም አይደል? አንተም አየሩም ከአውቶቡሱ ጋር እየሄዳችሁ ነው። አውሮፕላኑም እንደዚያው ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ሳለም ከመሬት ጋር እየዞረ ነበር፣ የሚበርበት አየርም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ሽክርክሪቱ በቀጥታ የሚሰጥህም የሚነሳህም ደቂቃ የለም።

በተዘዋዋሪ ግን እጁ አለበት። በምድር ወገብ በኩል ያለው አየር ሞቃት ነው፣ በዋልታው በኩል ያለው ቀዝቃዛ። ይህ የሙቀት ልዩነት ከመሬት መሽከርከር ጋር ሲገናኝ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የነፋስ ወንዝ ይፈጥራል። ጄት ስትሪም የሚሉት እሱን ነው። አውሮፕላኖች የሚበሩትም እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ ችግሩም ጥቅሙም ይኸው። ክረምት ላይ ይበረታል፣ በጋ ላይ ይለዝባል። የሰሜኑን ክረምት ማለቴ ነው፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ።

ምን ያህል እንደሚበረታ በአንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020 ሲያራ የተባለው ማዕበል ሲነሳ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 በዚሁ በሻንጣዬ መስመር ከጄኤፍኬ ተነስቶ ሂትሮው የደረሰው በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ነበር። በመሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት 1,327 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

ቶሎ ልድረስ

ቆይ፣ እዚያ ከፍታ ላይ የድምፅ ፍጥነት በሰዓት 1,060 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ታዲያ 747ቱ ድምፅን ቀደመ ልትለን ነው?

የመስኮት ዳሩ

አልቀደመም። የድምፅ ፍጥነት የሚለካው በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ነው። በአየሩ ውስጥ አውሮፕላኑ እንደወትሮው ነበር የሚሄደው፤ አየሩ ራሱ ተሸክሞት ሮጠ እንጂ። ኤርፖርት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ወለል ላይ መራመድ ማለት ነው። እግርህ ያው ነው፣ ግድግዳው ግን ይበርብሃል።

ሂሳብ ወዳድ

የብዙ ሰው ስህተት እዚህ ጋ ነው፦ «ሲሄድ ነፋሱ የሰጠኝን ሲመለስ ይወስደዋል፣ ዞሮ ዞሮ እኩል ነው» ይላሉ። እኩል አይደለም። ስሌቱን እዩት።

ነፋስ በሌለበት 5,550ን ለ900 ስናካፍል 6:10። ደርሶ መልስ 12:20። አሁን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ጨምሩ። ሲሄድ 1,000 ሆነ፣ 5:33 ይፈጃል። ሲመለስ 800 ሆነ፣ 6:56። ድምሩ 12:29። 9 ደቂቃ ከኪሳችሁ ወጣ። ነፋሱን 200 አድርጉት፤ 5:03 ሲሄድ፣ 7:56 ሲመለስ፣ ድምሩ 12:59። አሁን 39 ደቂቃ። ምክንያቱ ሌላ ተአምር አይደለም፦ ከሚገፋችሁ ነፋስ ውስጥ ቶሎ ስለምትወጡ ትንሽ ሰዓት ነው የሚረዳችሁ፣ የሚቃወማችሁ ውስጥ ግን ብዙ ሰዓት ትቆያላችሁ።

ሌላው፣ 900 የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። አውሮፕላኑ ኤርባስ ኤ350 ወይም ቦይንግ 787 ከሆነ ልክ ነው፣ የድምፅን ፍጥነት 0.85 እጥፍ ያህል ይሄዳሉ። አሁን አሁን ግን ባለ አንድ መተላለፊያዎቹ ኤ321ዎችም አትላንቲክን እያቋረጡ ነው። እነሱ 0.78 አካባቢ ናቸው፣ ወደ 830 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በዚህ መስመር ብቻ የግማሽ ሰዓት ልዩነት ያመጣል።

ሂሳብ ወዳድ

ይቅርታ፣ ደግሜ መጣሁ። የሻንጣዬን ቀኖች አሁን ነው ልብ ያልኳቸው። ማርች 20!! ሻንጣዬ፣ የጠፋችሽ አንድ ሰዓት ተገኝታለች።

አሜሪካ ሰዓቷን ወደፊት የምትገፋው በማርች ሁለተኛው እሑድ ነው። እንግሊዝ ደግሞ በማርች የመጨረሻው እሑድ። በመሀል ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት የኒውዮርክና የለንደን ልዩነት 5 ሳይሆን 4 ነው። ማርች 20 ምንጊዜም መሀል ላይ ትወድቃለች። ከ20:30 እስከ 07:30 በሰዓቶቹ ላይ 11 ሰዓት ነው፣ 4 ስትቀንሺ 7። ትኬቱ ልክ ነው። ኤፕሪል 6 ግን ሁለቱም ቀይረዋል፣ ልዩነቱ ወደ 5 ተመልሷል፣ ስለዚህ የመመለሻሽ 8 ሰዓት በትክክል 8 ነው። በመኸርም ይኸው ነገር ለአንድ ሳምንት ይደገማል፤ እንግሊዝ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ትመልሳለች፣ አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ።

ሻንጣዬ

ኧረ ተባረክ! ሁለት ቀን ሙሉ ትኬቱ ተሳስቷል ብዬ ልደውል ነበር እኮ። ስለዚህ 7 እና 8። አንድ ሰዓት ልዩነት ደግሞ ለነፋስ ይበዛል አልልም። ግን ማስያው 6:10 ያለው ላይ ትኬቱ ለምን 7 አለ? ነፋሱ ከኋላዬ ከሆነ እንዲያውም ማነስ አልነበረበትም?

አንጋፋው

ልጄ፣ እሱን እኔ ልመልስልሽ። የትኬት ሰዓት የሰማይ ሰዓት ብቻ አይደለም። ከጌት እስከ ጌት ነው የሚቆጠረው። በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ከተገፋበት ጀምሮ ሂትሮው ጌቱ ላይ እስኪቆም። ጄኤፍኬ ደግሞ ማታ ላይ የአውሮፓው በረራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚነሳው። መንደርደሪያው ድረስ ተራ መጠበቅ ብቻ ግማሽ ሰዓት ቢበላ አይግረምሽ። ከተነሳ በኋላም ወዲያው 900 አይሄድም፤ ከ10,000 ጫማ በታች በሰዓት ከ460 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳያልፍ የፍጥነት ገደብ አለበት። ሂትሮው ሲደርስ ደግሞ ለዚያ ሁሉ አውሮፕላን መንደርደሪያው ሁለት ብቻ ስለሆነ ተራ አለ። ከከተማዋ ዙሪያ ባሉ አራት ቦታዎች በሰማይ እየዞሩ የሚጠብቁበት ጊዜ ብዙ ነው። አየር መንገዶቹ ይህን ሁሉ አስበው ትርፍ ደቂቃ ጨምረው ነው የሚጽፉት። ስለዚህ አብራሪው «ቀድመን እንደርሳለን» ቢልሽ አውሎ ነፋስ መጣ ማለት ላይሆን ይችላል።

የነፋሱን ነገር ግን ታሪኩ ነው የሚያሳምነው። አልኮክና ብራውን የሚባሉ ሁለት በራሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ውቅያኖሱን ሳይቆሙ በአውሮፕላን የተሻገሩት እ.ኤ.አ. ጁን 1919 ነው፣ ከኒውፋውንድላንድ ወደ አየርላንድ። 16 ሰዓት አልሞላቸውም። ወደ ምሥራቅ እንደሆነ ልብ በይ። በተቃራኒው፣ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ በአውሮፕላን ሳይቆሙ መሻገር የተቻለው ብሬመን የተባለችው አውሮፕላን በኤፕሪል 1928 ከአየርላንድ ተነስታ ካናዳ ግሪንሊ ደሴት ላይ ስታርፍ ነው። እሷም መድረሻዋ ኒውዮርክ ነበር፣ አልሆነላትም። ዘጠኝ ዓመት! በዚያው በ1919 ጁላይ አር34 የተባለችው፣ በጋዝ የምትንሳፈፈው የእንግሊዞች አየር መርከብ ደርሶ መልስ ሄዳለች። ወደ ምዕራብ 108 ሰዓት ፈጀባት፣ ስትመለስ 75።

ጄቱም ሲመጣ ነገሩ አልተለወጠም። ኦክቶበር 4፣ 1958 ኮሜት 4 የኒውዮርክና የለንደንን የጄት አገልግሎት ሲጀምር፣ ወደ ለንደን የበረረው ሳይቆም ከ6 ሰዓት ትንሽ አልፎ ገባ። ወደ ኒውዮርክ የበረረው ግን ጋንደር ወርዶ ነዳጅ ቀዳ።

ዝም ብዬ ልጠይቅ

አንጋፋው፣ እርስዎ ካነሱት አይቀር አንድ ነገር አልገባኝም። በ1958 6 ሰዓት ከሆነ፣ ዛሬም 6 እና 7 ከሆነ፣ ቴክኖሎጂው የት ሄደ?

አንጋፋው

ወደ ነዳጅ ቁጠባና ወደ ደኅንነት ሄደ ልጄ። ፍጥነቱንማ አንድ ጊዜ ሞከሩት። ኮንኮርድ በዚሁ መስመር ፌብሩዋሪ 7፣ 1996 በ2 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቷል። ከድምፅ ሁለት እጥፍ ይበር ነበር፣ እስከ 18 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይወጣል፣ ከለንደን የተነሳ ሰው በአካባቢው ሰዓት ከተነሳበት ቀድሞ ኒውዮርክ ይደርስ ነበር። ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ሰው የሚጭነው መቶ ገደማ ነው። በ2003 ቆመ። እኔ አልተሳፈርኩበትም፤ ዋጋውን ሰምቼ ብቻ ተመልሻለሁ።

የመስኮት ዳሩ

«ከተነሳበት ቀድሞ» ሲሉ ትዝ አለኝ፣ ያ ነገር ዛሬም በተራ አውሮፕላን አለ። ፓስፊክ ላይ። ከቶኪዮ ሎስ አንጀለስ 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል። በሰሜኑ በጋ ቶኪዮ 17:00 ብትነሳ ሎስ አንጀለስ የምትደርሰው በዚያው ቀን 11:00 ነው። ቀኑን የሚቀይረውን መስመር መሀል ላይ ስለምታቋርጥ ነው። ስትመለስ ግን አንድ ቀን ትበደራለህ፣ በረራውም ወደ 11 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ያው ነፋስ።

እግረ መንገዴን፦ ይህን ነፋስ ከሁሉ ቀድሞ በሥርዓት ከለኩት አንዱ ዋሳቡሮ ኦኢሺ የሚባል ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ባለሙያ ነበር፣ በ1920ዎቹ። ፊኛ እየለቀቀ ነበር የሚለካው። ዓለም ሁሉ ያንብበው ብሎ ዘገባውን ኤስፔራንቶ በተባለው ሰው ሠራሽ ዓለም አቀፍ ቋንቋ ጻፈው። ማንም ልብ አላለውም :) የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በ1944 ጃፓን ሰማይ ላይ ነፋሱ ሲያንገላታቸው ነው ብዙው ሰው የባነነው።

ቶሎ ልድረስ

ሁላችሁም አስተማራችሁን፣ እሺ። የልጅቷን ዋና ጥያቄ ግን ማንም አልነካውም። 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይበቃል አይበቃም?

ክርና ሉል

ልክ ነህ፣ ተረሳ። ሻንጣዬ፣ መጀመሪያ ይህን ንገሪን፦ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ናቸው ወይስ ለየብቻ የተገዙ? ሁለተኛው ከየትኛው ተርሚናል ነው የሚነሳው?

ሻንጣዬ

ለየብቻ ነው የገዛሁት፣ ርካሽ ሆኖ አግኝቼው። ተርሚናሉም የተለያየ ነው። ሻንጣም አለኝ። ስሜ ራሱ እኮ ሻንጣዬ ነው።

ክርና ሉል

እንግዲያው ቀይሪው። በግልጽ ልንገርሽ፣ ይህ በነፋስ አይፈታም። አንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥሽ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍርሽ ነበር። ለየብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው አንቺ በሰዓቱ አለመገኘትሽን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሻንጣሽ እስከ መጨረሻው አይሄድልሽም። ፓስፖርት አስመትተሽ ትገቢያለሽ፣ ሻንጣ ትጠብቂያለሽ፣ ተርሚናል ትቀይሪያለሽ፣ እንደገና ሻንጣ ታስረክቢያለሽ፣ እንደገና ፍተሻ። ሁለተኛው በረራ ደግሞ በሩን ከመነሻው ሰዓት ቀድሞ ነው የሚዘጋው። በዚያ ሰዓት የሌሊቱ የአትላንቲክ በረራ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚያርፍ ሰልፉ ቀላል አይሆንም። የቪዛሽንም ነገር አይተሽዋል? ከትራንዚት ክልል ስለምትወጪ።

እኔ ብሆን 4 ሰዓት እተዋለሁ።

ዝም ብዬ ልጠይቅ

በኔ የደረሰ ነው። ለየብቻ የገዛሁት ነበር፣ አንደኛው 50 ደቂቃ ዘገየ፣ ሁለተኛው ትቶኝ ሄደ። አዲስ ትኬት ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ርካሽ ነው የሚሉኝን ሳይ ሁለቴ ነው የማስበው።

ሻንጣዬ

እሺ፣ ሰማኋችሁ። ከሰዓት በኋላ ወደሚነሳው ቀየርኩት። ትንሽ ከፈልኩበት፣ ምንም አይደል። ቪዛውንም አየሁ፣ አለኝ። ስመለስ ሰዓቱን ለክቼ እነግራችኋለሁ።

ሻንጣዬ

ተመለስኩ! ቃሌን ላክብር።

መሄጃው፦ በሩ የተዘጋው 20:41። ከዚያ ተራ ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ጎማው ከመሬት የተነሳው 21:19። ለንደን ያረፍነው በነሱ ሰዓት 07:02፣ ጌት ላይ የቆምነው 07:14። የሰማዩ ጊዜ 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ። በሰማይ አልዞርንም፣ ዕድለኛ ነበርን። መሬት ላይ ያቃጠልነው 38 ደቂቃ ሁሉ ሄዶ ሄዶ 16 ደቂቃ ቀድመን ገባን። ፊት ለፊቴ ያለው ስክሪን አንዴ 1,080 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብሎኝ ነበር፤ ፎቶ አንስቻለሁ። ለፓስፖርትና ለሻንጣ ደግሞ 1 ሰዓት ከ10። የድሮው ትራንዚቴ ቢሆን አለቀልኝ ነበር።

መመለሻው፦ 11:32 ተነሳን፣ በኒውዮርክ ሰዓት 13:41 አረፍን። 7 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። በጣም ወደ ሰሜን ወጣን፣ የግሪንላንድ ጫፍ ስክሪኑ ላይ በስተቀኝ ይታይ ነበር። ክርና ሉል እንዳለው ነው፣ መንገዱ ረዝሞ ነፋሱን ሸሸነው።

ሂሳብ ወዳድ

5:43 እና 7:09፣ ድምሩ 12:52። ነፋስ ከሌለበት 12:20 ጋር ሲተያይ 32 ደቂቃ ተበልቷል። ሽቅብ መውጣቱና ቁልቁል መውረዱ፣ ዙሪያ መንገዱም እዚያ ውስጥ ስላሉበት ሁሉንም በነፋስ አናላክ። አሪፍ ነው ግን!

ዝም ብዬ ልጠይቅ

እኔ ምልሽ፣ በየት በኩል ነበር የተቀመጥሽው? በቀጣዩ ወር በዚሁ መስመር ልሄድ ነው።

ሻንጣዬ

ስትሄድ በግራ ያዝ፣ አየርላንድ ሳትደርስ ንጋቱን ታያለህ። ስትመለስ በቀኝ፤ ፀሐይ አትወጋህም፣ ደመና ከሌለ በረዶውንም ታያለህ። እኔ ያን ጊዜ ደመና ነበር።